ባለቤታቸው የጠፋ መነጽሮች

ኧረ አትነሺ እህቴ፣ እዚሁ ይመቸኛል። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃው አሁንም ያሳምምሻል? የኔማ ወገብ… ተይው፤ ሠላሳ ዓመት ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠ ወገብ ምን ይጠበቃል? ሻይ አልፈልግም። እሺ፣ ካልሽ ግማሽ ስኒ፤ ስኳር እንዳታበዢ።

ሱቅሽ አምሮበታል፣ ከዓይን ያውጣችሁ። የፍሬም መደርደሪያው ነጭ ተቀብቷል፣ የደንበኛ መቀመጫው ተቀይሯል… ደግሞ እዚህ ጎናችን ያለው ክፍል በር ላይ የተለጠፈችው ጽሑፍ! «ዋና ሥራ አስኪያጅ»። በወርቅማ ፊደል። ባለፈው ሳምንት አልነበረችም አይደል? ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኪቦርድ ሲንጣጣ ይሰማል። አይ፣ አትጥሪው፤ ይሥራ። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም።

ከእጅሽ ሥር ያለው ወረቀት ምንድነው? የስንብት ደብዳቤ?… ለመዝገቤ? አሥራ አንድ ዓመት ባንኮኒው ላይ ለቆመችው፣ ደንበኛው ሁሉ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ረስቶ «መዝገቤ» ለሚላት? እንዴት ደስ የሚል ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ሳይቀር ተዘጋጅቷል። ፈርሚ እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ? እኔ ልከለክልሽ አልመጣሁም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንተዋወቅ መቼ በሥራሽ ገብቼ አውቃለሁ? ብቻ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። ሻዬ እስኪበርድ ነው።

አንድ ወጣት ባለሙያ አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ ብትለምኚኝም አልጠራም። የተማረ ነው፣ ቁመናው ያምራል፣ አገጩ… እንዲያውም አሁን ልብ ብዬ ሳይሽ አገጩ ቁርጥ ያንቺን ይመስላል። አጋጣሚ መሆን አለበት። ይኸውልሽ፣ ይህ ልጅ ንጽሕና ይወዳል። የተዝረከረከ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። በዚህ ዘመን እንደዚህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?

እና ይህ ልጅ አንድ አሮጌ ፕሮግራም እጁ ገባ። የመነጽር ቤት ፕሮግራም ነው እንበል፤ የደንበኛ ትዕዛዝ የሚመዘገብበት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ሴትዮ የጻፈችው። ሴትየዋ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ሻይ ትጠጣለች። ልጁ ከፍቶ ሲያይ ሦስት ዓይነት ትዕዛዝ አገኘ፤ የማንበቢያ መነጽር፣ የርቀት መነጽር፣ የፀሐይ መነጽር። እኛ ክላስ እንላቸዋለን፣ አንቺ እንደ ሦስት ቅጽ ቁጠሪያቸው። ሦስቱም ላይ የደንበኛው ስም፣ ስልኩ፣ የሌንሱ ቁጥር ተደጋግሞ ተጽፏል። ልጁም «አንድ ነገር ሦስት ቦታ? ያሳፍራል!» አለ። እውነቱን ነው እቴ! ምን ዓይነት ሴት ናት ስም ሦስት ቦታ የምትጽፍ? እኔ ራሴ በሷ ቦታ አፈርኩ።

ስለዚህ ምን አደረገ? የጋራውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ወላጅ ክላስ ሠራ፤ «ትዕዛዝ» አለው። ሦስቱን የሱ ልጆች አደረጋቸው። ስም፣ ስልክ፣ የሌንስ ቁጥር ወደ ወላጁ ወጣ። ልጆቹ ጋ የቀረው የየራሳቸው ብቻ ነው፤ የፍሬሙ ቀለም፣ ስፋቱ፣ «ግራ እጀታው ይጠር» የምትል ማስታወሻ። አላሾፍኩም፤ አሠራሩ ትክክል ነው። በመጽሐፍ የሚያስተምሩት እንደዚያ ነው። ልጁ መጽሐፉን አንብቧል። ግማሹን… ማለቴ፣ መጽሐፉ ወፍራም ነው።

አየሽ፣ ያ ፕሮግራም ቀን ሙሉ ትዕዛዙን በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው። ሱቁ ሲዘጋ ያንን ሁሉ ወደ ፋይል ያወርድና፣ ጠዋት ሲከፈት ከፋይሉ አንሥቶ እንደነበረ ያቆመዋል። ሴሪያላይዝ ማድረግ ይሉታል የእኛ ሰዎች። ስሙ ይከብዳል እንጂ፣ ቤት ስትለቂ ዕቃሽን በካርቶን አሽገሽ፣ አዲሱ ቤት ስትደርሺ መዘርጋት ማለት ነው። ታዲያ አንድ ክላስ እንዲታሸግ አናቱ ላይ «መታሸግ እችላለሁ» የምትል አንዲት ቃል ትጻፍለታለች። ሦስቱ ልጆች ላይ ቃሏ አለች፤ ሴትየዋ ጽፋታለች። አዲሱ ወላጅ ላይ ግን…

ረሳት አልልም። የተማረ ሰው አይረሳም። ከቃሏ ጋር አልተገናኙም እንበል።

ወላጁ ላይ ቃሏ ከሌለች ፕሮግራሙ ይጮሃል ብለሽ እንዳታስቢ። በጣም ጨዋ ነው፤ አይጮህም። ልጁን ብቻ አሽጎ ወላጁን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ጠዋት ሲዘረጋ ደግሞ ለልጁ አዲስ ወላጅ ከባዶ ይሠራለታል። እንግዲህ ልጁ የራሱን አንድ ሳያጎድል ያስታውሳል፤ ከወላጁ ያገኘውን ግን አንዱንም አያስታውስም… ምነው እንዲህ አየሽኝ? ስለ ክላስ እኮ ነው የማወራሽ!

ሥራውን ቅዳሜ ከሰዓት ጨረሰ። አልሞከረውም የሚል ካለ ስሙን እያጠፋ ነው። ሞክሯል! አንድ ትዕዛዝ አስገባ፤ ስሙ ታየ፣ ስልኩ ታየ፣ ደስ አለው። ዘግቶ መክፈት ብቻ ነበር የቀረው። መዝጋትና መክፈት ደግሞ የዘበኛ ሥራ ነው፤ የሱ ዲግሪ ለዚያ አልተሰጠውም።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ፕሮግራም የድሮው ፋይል ላይ ከፈተው። እዚህ ላይ ያቺ አሮጊት… ያቺ ሻይ ጠጪ ሴትዮ አንድ ነገር አስቀምጣ ነበር። ክላሱ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ አጠገቡ «ቅርጹን ከቀየርክ ይህንንም ቀይር፣ አለዚያ የድሮውን ፋይል አበላሽቶ ይከፍትብሃል» ብላ ጽፋለች። ልጁ ታዛዥ ነው፣ ቀየረው። ፕሮግራሙም «ይህ ፋይል የኔ ቅርጽ አይደለም፣ አልከፍትም» አለው። አሁን አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ብሆን ቆም ብዬ «ለምን?» እላለሁ፤ ፈሪ ስለሆንኩ። እሱ ግን ፈሪ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ድሮው መለሰና አፉን አስያዘው።

ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ቅቤ ሆኖ ተከፈተ። መቶ ስልሳ ሦስት ትዕዛዝ፤ ፍሬሙ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ግራ እጀታው ይጠር የሚለው አለ። ስም የለም። ስልክ የለም። የሌንስ ቁጥር የለም።

ልብ በይ፣ እስከዚህ ድረስ ምንም አልጠፋም ነበር። ስሞቹ የድሮው ፋይል ውስጥ ተኝተዋል፤ እጁን ኪሱ ከቶ ስልክ ቢደውል ኖሮ በግማሽ ሰዓት እናወጣቸው ነበር። ግን ጥንቃቄ ያበዛል። ያ ባዶ ዝርዝር ደግሞ እንዳይጠፋበት ብሎ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነ። የድሮው ፋይል ላይ። መጠባበቂያ ቅጂስ አትይኝም? ነበረ እንጂ። ባለፈው ወር «ፕሮግራሙን ያዘገየዋል» ተብሎ ተነሥቷል። ፍጥነቱ አሁን ግሩም ነው፤ ባዶውን በአንድ ሰከንድ ያነሣዋል።

ምነው ኪቦርዱ ቆመ? ሻይ ሊጠጣ ይሆናል። ጎበዝ፣ ይረፍ።

የሰኞውን ግርግር አንቺ አላየሽም፤ ሐኪም ቤት ነበርሽ፤ ለኔም ሌንስ ቆራጭሽ ነው የነገረኝ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ባንኮኒው ላይ ተሰልፏል፤ መነጽሮቹ በየከረጢታቸው ተደርድረዋል፤ የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ወረቀት የለም። አንድ ጡረተኛ መምህር የአንዲት ወይዘሪት መነጽር አድርገው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና «እኔ የምለው፣ ይህ ቤት እስከዛሬ ሁለት ሰዓት ነበረው እንዴ?» አሉ። ያለው አንድ ነው፤ በሷ ሌንስ ሁለት ሆኖባቸው ነው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሦስት መነጽር ለካና ሦስተኛው ልክ ሆነልኝ ብሎ ሊወጣ ሲል መዝገቤ እጁን ያዘችው። «ይሄ የማንበቢያ ነው ወንድሜ፤ መንገድ ላይ የሰው ሕይወት ይዘህ ነው የምትሄደው!» አለችው። እየተቆጣ መነጽሩን መለሰላት። እንግዲህ ያቺ ሴት ናት…

ቆይ፣ ቅደም ተከተሉን ላስተካክለው።

ያ ወጣት ባለሙያ ያን ጊዜ ከክፍሉ ወጣ። ፊቱ እንዴት እንደተጨነቀ ብታይ ታዝኚለታለሽ። ሰው ሁሉ «ምን ተፈጠረ?» ይላል። እሱም ሰው ነው፤ አንድ ነገር መመለስ አለበት። «ቅዳሜ ማሽኑን የዘጋው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። መዝገቤ «እኔ ነኝ፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምዘጋው» አለች። «አየሽ፣ በአግባቡ አልዘጋሽውም!» አላት። በሰው ፊት። አሥራ ዘጠኝ ሰው ፊት። እንዴት ያለ ፈጣን አእምሮ ነው! እኔ ስህተት ፍለጋ ሁለት ቀን እፈጃለሁ፤ እሱ ጥፋተኛ ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

እሷ ምን አደረገች መሰለሽ? ሽርጧን አወለቀች፣ አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አኖረች፣ ለጡረተኛው መምህር «የእርስዎ ጥቁሩ ነው፣ ከግራ ሁለተኛው» ብላ ሄደች። መምህሩ አደረጉት። ልካቸው ነበር።

ማክሰኞ ሌንስ ቆራጭሽ ደወለልኝና መጣሁ። ወላጁ አናት ላይ ያቺን ቃል ጻፍኩ፤ አንዲት ቃል፣ ቁጭ ብድግ የማታሰኝ። ሁለተኛ፣ ከድሮው ቅርጽ የመጣ ፋይል ሲያጋጥመው ልጆቹ ጋ የተጻፈውን ስም ወደ ወላጁ የሚያሻግር ጥቂት መስመር ጨመርኩ፤ ወደፊት ሌላ ቅጂ ቢገኝ ብዬ። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። አምስት ጊዜ። የዘበኛ ሥራ አልኩሽ አይደል? አሁን አዲስ የሚገባው ሁሉ ስሙን ይዞ ያድራል። የጠፋውን ግን ከየት ላምጣው? ኮድ የጠፋን ስም አይወልድም።

ታዲያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆቹ ጋ የቀረው አለ፤ ፍሬሙ፣ ቀለሙ፣ ማስታወሻዋ። ስልኬን አነሣሁና መዝገቤ ቤት ደወልኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። «ቡናማ፣ ሰፊ፣ ግራ እጀታው ይጠር» አልኳት። ሳትተነፍስ «ልብስ ሰፊው ነው፤ ግራ ጆሮው ከፍ ይላል» አለች። «ቀይ፣ ጠባብ፣ አፍንጫው ላይ ለስላሳ ይደረግ»። «የጥርስ ሐኪሟ። ስልኳ መጨረሻው ሰባት ሰባት ነው፤ መጀመሪያውን ከባሏ ትዕዛዝ እነግርሻለሁ»። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ከምሳ በኋላ ጀምረን ፀሐይ ሳትገባ መቶ ሃምሳ አንዱን ጨረስን። እሷ እየነገረችኝ እኔ እጽፋለሁ፤ ሌንስ ቆራጩ ደግሞ ያለቁትን መነጽሮች በመለኪያው እያነበበ ቁጥራቸውን ይጠራል። አሥራ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ባለቤቶቻቸው በእግራቸው መጡ።

እና አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠብኝ። መስመሩ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» እላለሁ። ለካ እያለቀሰች ነው። «እትዬ እኮ አልደወሉልኝም» አለችኝ። አንቺን ነው እትዬ የምትልሽ። «አሥራ አንድ ዓመት… አንድ ቀን እንኳ ደውለው አንቺ ነሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም»። እኔም «ሐኪም ቤት ናት፣ አልሰማችም» አልኳት። ዋሸሁልሽ። ጆሮሽ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ።

…ሻይሽ ግን ጥሩ ነው። የምን ቅጠል ነው?

ረቡዕ ጠዋት ያ ወጣት ባለሙያ ስብሰባ ጠርቶ ምን አለ መሰለሽ? «ዳታውን አድኜዋለሁ» አለ። እኔ እዚያው ጥግ ቁጭ ብያለሁ። ትሕትናውን ብታይ! «እኔና ቡድኔ» አላለም፣ ሌላ ሰው ላይ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ነው። ሁሉን ለራሱ ተሸከመው። ወዲያው በሩ ላይ ጽሑፍ ተለጠፈ፤ ለመዝገቤም ወረቀት ተጻፈ። ሁለቱም ባንድ አታሚ ማሽን ወጡ አሉ፤ እሱንስ ማን ያውቃል?

አይ፣ በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፋይል የተጻፈበትን ሰዓትና የጻፈውን ማሽን ይዞ ይቀመጣል፤ ሰው ሆዬ ሲረሳ እሱ አይረሳም። ያ ባዶ ዝርዝር የተጻፈው ቅዳሜ አይደለም። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው፤ ሱቁ ከተከፈተ አሥር ደቂቃ። መዝገቤ ያን ሰዓት የደጁን መስታወት እየወለወለች ነበር፤ ሌንስ ቆራጩ አይቷታል። የጻፈው ማሽን ደግሞ የባንኮኒው አይደለም። የየትኛው ክፍል ማሽን እንደሆነ ተጽፏል… ግን አልነግርሽም። ስም አልጠራም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ የክፍል ስምም ስም ነው።

አሁን ፈርሚ። እስክሪብቶው ምን ሆነ? ለምን አስቀመጥሽው?

አትቆጪ እንጂ! በኔ ምን ያስቆጣሻል፣ ስለማታውቂው ልጅ ነው የማወራሽ። ደግሞ መጥፎ ልጅ አይደለም። እጁ ጥሩ ነው፤ ያን ወላጅ ክላስ እኔ ዘጠኝ ዓመት አስቤው አልሠራሁትም፣ እሱ በአንድ ቀን ሠራው። ሲያጠፋ «አጠፋሁ» ብሎ ቢለምድ አንደኛ ይወጣዋል። ይህችን ቃል ደግሞ ማንም ሊጽፍለት አይችልም፤ ራሱ ነው አናቱ ላይ የሚጽፋት።

እንግዲህ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ። መዝገቤን ይዣት መጥቻለሁ። አዲሱ መቀመጫችሁ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ እንግዳ። ግቢ ብላት «ካልተጠራሁ አልገባም» አለችኝ።

ቆይ፣ ወዴት ነሽ? ጉልበትሽን! ቀስ በይ… ቆይ፣ ቁጭ በይ። በሩ ተከፈተ። ወጣ።

ተይው፣ አትጥሪው። እኛን አላየንም፣ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። በመስታወቱ ይታይሻል? መዝገቤ ፊት ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶበታል፤ የስምንት ዓመት ልጅ እያለ የጎረቤት መስታወት ሲሰብር… ማለቴ፣ ሌላ ልጅ ነው የምለው። ሰምተሻል ምን እንዳላት? «እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ ሁለት ደንበኛ ዘወር አለ። ይኸው፣ ሰው ፊት ያላትን ሰው ፊት መለሰላት። ይህንንስ ከልቤ ነው የማመሰግነው።

እሷ? ተነሣች… ቦርሳዋን ባንኮኒው ሥር አስገባች። ሽርጧን ፈለገች፤ እሱ ነው ከመሳቢያ አውጥቶ የሰጣት። እያሰረችው ነው እኮ፣ አሰረችው! በይ ሂጂ፣ አሁን ሂጂላት። የሦስት ቀን ዝምታሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ይቅርታውን አንቺ ራስሽ ነሽ የምትይው፣ እኔ አልላክልሽም።

…መጣሽ? ዓይንሽ ምነው ቀላ፣ አቧራ ነው? እሱንም ይዘሽው መጣሽ! ግባ የኔ ጌታ፣ ደፉ ላይ አትቁም። ስለ አንድ የማታውቀው ልጅ እየተጫወትን ነበር። ደብዳቤውን ልትወስደው ነው? ውሰደው። እንዴት ደስ በሚል ድምፅ ነው የተቀደደው! ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ፤ አንድ ላይ እንዘጋለን፣ አንድ ላይ እንከፍታለን። ሻይ አንተ ነህ የምታፈላው።

በሉ ልሂድ፣ ወገቤ ደንዝዟል። ሳልመርቅሽ ግን አልወጣም። መቼም ሱቁን ለልጄ አስረክቤ ጡረታ ልወጣ ነው ስትዪ ሰምቻለሁ፤ ስንት ዓመት ለፍተሽበት፣ ይገባሻል። እና እህቴ፣ ፈጣሪ ዕድሜሽን ከሁላችንም አስበልጦ ያርዝመው። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ሰማንያም ዘጠናም ዓመት ሲሞላሽ ጠዋት ጠዋት ይህንን ሱቅ የምትከፍቺው አንቺ ሁኚ። ልጅሽንም ይባርክልሽ፤ ለአንዲት ቀን እንኳ ያላንቺ አያሳድረው።